ለሠራተኛ ማኅበር የፖለቲካ ድጋፍ ሲፈለግ፦ ከየት መጀመር፣ ምን መጠየቅ

በፋብሪካ፣ በአበባ እርሻ ወይም በሆቴል ተቀጥራችሁ ማኅበር ለመመሥረት ካሰባችሁ፣ የተመራጭ ድጋፍ ከመፈለጋችሁ በፊት ሕጉ የሰጣችሁን መጨበጥ ይኖርባችኋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የመደራጀትንና በጋራ የመደራደርን መብት ይደነግጋል፤ ኢትዮጵያም የዓለም የሥራ ድርጅትን 87ኛና 98ኛ ስምምነቶች በ1955 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስለዚህ ከተመራጩ የምትጠይቁት ውለታ ሳይሆን መንግሥት አስቀድሞ የገባውን ግዴታ ማስፈጸም ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፤ የአባላቱም ቁጥር ከአሥር ማነስ የለበትም። ከአሥር ያነሱ ሠራተኞች ባሏቸው ድርጅቶች የምትሠሩ ደግሞ ከሌሎች መሰል ድርጅቶች ሠራተኞች ጋር ጠቅላላ ማኅበር መመሥረት ትችላላችሁ። የሥራ መሪዎች በአዋጁ ስለማይሸፈኑ ከቁጥሩ አታስገቧቸው። መሥራች ጉባኤ ጠርታችሁ መተዳደሪያ ደንቡን አጽድቁ፣ መሪዎችን ምረጡ፣ ቃለ ጉባኤውን አስፈርሙ፤ ከዚያም ሰነዶቹን ለሚመለከተው የሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤት አስገቡና ቀኑ የተጻፈበት የገቢ ማረጋገጫ ተቀበሉ። መሥሪያ ቤቱ በ15 ቀን ውስጥ ውሳኔውን ካላሳወቀ ማኅበሩ እንደተመዘገበ ስለሚቆጠር፣ ይህች ቀን የተጻፈባት ወረቀት ኋላ ላይ ትልቅ ዋስትና ትሆናችኋለች።

አሠሪው አባላትን ቢያስፈራራ ወይም ቢያባርር፣ የተነገረውን ቃል፣ ቀኑንና የምስክሮቹን ስም ሳይውል ሳያድር መዝግቡ። የማኅበር አባል መሆን ውልን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት እንደማይሆን የአዋጁ አንቀጽ 26 በግልጽ ይናገራል፤ በዚህ ምክንያት የተሰናበተ ሠራተኛም ወደ ሥራው የመመለስ መብት አለው።

ከዚህ በኋላ የምርጫ ክልላችሁን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል፣ የክልል ወይም የከተማ ምክር ቤት ተመራጮችን፣ የሠራተኛ ጉዳይን የሚከታተለውንም ቋሚ ኮሚቴ አነጋግሩ፤ በዘርፋችሁ ያለው የማኅበራት ፌዴሬሽንና የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) መንገዱን ስለሚያውቁት አብረዋችሁ ቢሄዱ ይመረጣል። የደብዳቤው ይዘት ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው፤ «ከጎናችን ይቁሙ» የሚል ልመና ለተመራጩ ፈገግ ብሎ ለመሸኘት ይመቸዋልና። በምትኩ ሊፈጸም ወይም ሊታለፍ የሚችል፣ ተፈጽሞ እንደሆነም የሚታይ ነገር ጠይቁ። ለምሳሌ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን ስላለው፣ ምዝገባችሁ ለምን እንደዘገየ ሚኒስትሩን እንዲጠይቁላችሁ፤ አነስተኛውን የደመወዝ ወለል እንዲወስን በአዋጁ የታሰበው የደመወዝ ቦርድ መቼ ሥራ እንደሚጀምር መልስ እንዲያገኙላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የማይሸፍናቸው የመንግሥት ሠራተኞችም የሕገ መንግሥቱ ተስፋ በዝርዝር ሕግ እንዲፈጸምላቸው መጠየቃቸው ተገቢ ነው፤ በእኔ እምነት በመደራጀት መብት ረገድ ከተመራጮች ሊጠየቅ ከሚገባው ሁሉ ይህ ቀዳሚው ነው።

በምርጫ ወቅት ለሁሉም ተወዳዳሪ ፓርቲዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ በጽሑፍ አቅርቡ፣ መልሳቸውንም ለአባላት በእኩል አሳውቁ፤ ማኅበሩን ግን ለየትኛውም ፓርቲ አታስጠጉ። ደርግ በዘመኑ የነበረውን የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን አፍርሶ በራሱ ቁጥጥር ሥር ባለ ማኅበር ሲተካው፣ ሠራተኛው በስሙ የሚጠራ ድርጅት እያለው ድምፁን አጥቶ ኖሯል። ተመራጩ ቃሉን ካላከበረም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ለማንሳት እንደሚችል ይደነግጋልና፣ ለደብዳቤያችሁ የተሰጠውን ምላሽ፣ ዝምታም ቢሆን፣ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ለአባላት አንብቡ፣ በቃለ ጉባኤም አስፍሩ።