ወደ አንድ ጎን ዘመም ያለ አሮጌ ላንድክሩዘር እንዴት ይስተካከላል?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ፣ ወደ መተማ ወይም ወደ ጎርጎራ የሚመላለሱ አሮጌ ላንድክሩዘሮችንና ሃይሉክሶችን ከኋላ ሆነው ቢያስተውሉ፣ ብዙዎቹ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብለው ነው የሚሄዱት። ባለቤቱ ስለለመደው አይታየውም። ሊማሊሞን ሲወርድ ግን ነገሩ ይለያል፤ ጣሪያው ላይ ጭነት የያዘ መኪና ኩርባው ወደዚያው ወደ ዘመመበት ጎን ሲጥለው፣ ሊሸከመው የሚገባው ባሌስትራ (ክብደቱን የሚሸከመው የተደራረበ ንጣፍ ብረት) ቀድሞውኑ ተጨርሶ ተኝቷል።

ጋራዥ ሲወስዱት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መፍትሔ ዝቅ ባለው ጎን አንድ ንጣፍ ባሌስትራ መጨመር ነው። ከዚያ በፊት እባክዎ ይለኩ። ዝቅ ያለው ጥግ ሁልጊዜ የተበላሸው ጥግ አይደለም። የኋላ ግራው ባሌስትራ ሲደክም የፊት ግራውንም አብሮ ያስጎነብሰዋል፤ ንጣፉን ፊት ላይ ከጨመሩ የኋላው እንደደከመ ይቀርና ደህና የነበረው ፊትም ይዛባል።

መጀመሪያ፣ መሬቱንና ጎማውን ያጣሩ

ጎንደር ውስጥ ደልዳላ ቦታ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሜዳ የሚመስል ግቢ እንኳ ሲለካ ተዳፋት ሆኖ ይገኛል። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ውሃ የተሞላ ነጭ የላስቲክ ቱቦ ይዋሱ፤ አንዱን ጫፍ በግራ ጎማ፣ ሌላውን በቀኝ ጎማ አጠገብ ያቁሙና ውሃው ከመሬት ያለውን ከፍታ በሁለቱም በኩል ይለኩ። እኩል ከሆነ መሬቱ ደልዳላ ነው። ካልሆነ አዘዞ አካባቢ ወርደው ይፈልጉ።

ጭነቱን ያውርዱ። የአራቱን ጎማዎች አየር በግራና በቀኝ እኩል ያድርጉ፤ አንዱ ጎማ አዲስ፣ ሌላው የተላጨ ከሆነ ያ ብቻውን ልዩነት ያመጣል። ከዚያ መኪናውን ጥቂት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ ነድተው ፍሬን ሳይረግጡ በራሱ እንዲቆም ይተዉት፤ ባሌስትራው ወደ ተፈጥሮ ቦታው የሚመለሰው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሁለት ዓይነት ልኬት

ከጎማው እምብርት ቀጥ ብሎ ከጎማው በላይ እስካለው ጭቃ መከላከያ (ፓራፋንጎ) ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም ጥግ ይለኩና በጠመኔ እዚያው ይጻፉ። ቀጥሎ ከአክስሉ ላይ እስከ ሻንሲው (ቦዲው የተቀመጠበት ዋና የብረት አካል) ድረስ በአራቱም ጥግ ይለኩ። ሁለተኛው ልኬት ዋናው ነው፤ ምክንያቱም ፓራፋንጎ ተጋጭቶ ተጠግኖ ሊሆን ይችላል። የፓራፋንጎው ልኬት ተለያይቶ የሻንሲው እኩል ከሆነ ባሌስትራውን አይንኩ። ችግሩ ቦዲውና ሻንሲው መካከል ያሉት ጎሚኒዎች አልቀው ወይም ቆርቆሮው ተጣሞ ነው። በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ልዩነት እኔን አያሳስበኝም። ከ2 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ግን መንስኤ አለው።

ፊቱ ነው ወይስ ኋላው?

ይህን ፍተሻ የሚዘልል መካኒክ ብዙ ነው፣ ነገር ግን ከሁሉም ይበልጣል። የኋላ ጎማዎችን በታኮ ይያዙ። ክሪኩን ከፊት በሻንሲው ማገናኛ ብረት ልክ መሐል ላይ ያስገቡና የፊቱ ክብደት ከባሌስትራው እስኪነሳ ድረስ ያንሱት። መሐሉን በሜትሮ ያግኙት፤ በላንድክሩዘር ላይ የፊት ዲፈረንሻሉ መሐል ላይ ስላልሆነ እሱን ተማምነው አይቁሙ። መኪናው አሁን ከፊት የቆመው በአንድ ነጥብ ላይ ስለሆነ ወደ ጎን የሚይዘው ኋላው ብቻ ነው። ዘመሙ እንዳለ ከቀጠለ ችግሩ ኋላ ነው፤ ከቀና ፊት ነው። ከዚያ ገልብጠው ኋላውን ከመሐል በማንሳት ያረጋግጡ። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ፈጽሞ አይግቡ፤ ለዚህ ልኬት መግባትም አያስፈልግም።

ሥሩ ሲገባ የሚታየው

ከመግባትዎ በፊት ሻንሲውን በብረት ማቆሚያ ያስደግፉ። በሽቦ ብሩሽ ጭቃውን ያራግፉ፤ የተሰበረ ንጣፍ ብዙ ጊዜ በጭቃ ተሸፍኖ ነው የሚገኘው፣ ስንጥቁም ቀይ የዝገት መስመር አለው። ንጣፎቹን አንድ ላይ የሚይዘው የመሐል ቡሎን መሰበሩን ለማወቅ ከፊት ጎማ እምብርት እስከ ኋላ ጎማ እምብርት በግራም በቀኝም ይለኩ፤ ከተለያዩ አክስሉ ተንሸራቷል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን የዩ ቅርጽ ያላቸውን ቡሎኖች፣ ጎሚኒዎቹንና በባሌስትራው ጫፍ ያለውን ተወዛዋዥ ማንጠልጠያ ይዩ። ይህ ማንጠልጠያ ዝጎ ከደረቀ ጥሩ ባሌስትራ እንኳ ወደ ቦታው አይመለስም። ፈትቶ ማጽዳትና ግራሶ መቀባት ብቻውን የሚያቀናው መኪና አለ።

አሞርዛተር (ንዝረት ማብረጃው) የመኪናውን ክብደት አይሸከምም፣ ስለዚህ በእሱ ምክንያት ዘመመ ማለት ከባድ ነው። ታጥፎ ከተያዘ ግን ያግዳል፤ ከታች ፈትተው እንደገና ይለኩ።

ሁሉም ደህና መስሎ ከታየ የግራና የቀኙን ባሌስትራ ያለዋውጡ። ዘመሙ አብሮ ከተዛወረ ጥፋቱ ባሌስትራው ነው። በዚያው ከቀረ የክብደት ጉዳይ ወይም የሻንሲ መጣመም ነው። የነዳጅ ታንከሩ፣ ባትሪው፣ ተቀያሪ ጎማውና ሾፌሩ በአንድ በኩል የሚሆኑበት መኪና በጊዜ ብዛት በዚያ በኩል ይደክማል። አንዳንድ ሞዴሎች ከፋብሪካው ሲወጡም የግራና የቀኝ ባሌስትራቸው የተለያየ ነው፣ ስለዚህ ሲገዙ የዕቃ ቁጥሩን ይጠይቁ።

ጥገናው

የደከመ ባሌስትራ በጥንድ ይቀየራል፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ሲሆን ዘመሙ ወደ ሌላው ጎን ይዞራል። ያገለገለ ከሆነ የሚገዙት፣ ሁለቱን መሬት ላይ አጋድመው ከጫፍ እስከ ጫፍ ክር ይወጥሩና የመሐላቸውን ጎበጥ ይለኩ፤ እኩል ካልሆኑ አይውሰዱ። ማስጎበጥ ከፈለጉ በቀዝቃዛው በፕሬስ የሚሠራ ባለሙያ ይፈልጉ። በእሳት አግሎ ማጉበጥ የብረቱን ጥንካሬ ይገድለዋል፤ ጥቂት ጊዜ ቀና ብሎ ይቆምና መተማ መንገድ ላይ ሰሊጥ እንደጫነ ይተኛል። ባሌስትራ መበየድማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው።

ባሌስትራዎቹ ጤነኛ ሆነው ልዩነቱ የክብደት ብቻ ከሆነ፣ በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የመሐል ቡሎኑ የሚያልፍበት ብረት ማስገባት ይቻላል። እንጨት አይሁን።

ከባዱ የ70 ሞዴል ላንድክሩዘር ከ1984 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. በአራቱም እግሩ ባሌስትራ ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ የፊቱ ሞላ ሆኗል። የአሮጌዎቹ ኤል200ና የአይሱዙ ፒክአፖች የፊት እግር ደግሞ በቶርሽን ባር፣ ማለትም እየተጠመዘዘ ክብደት በሚሸከም ዘንግ ይሠራል። በዚህ ዓይነቱ ላይ የማስተካከያ ቡሎኑን የነበረበት ቦታ ምልክት ያድርጉ፣ ጎማውን አንጠልጥለው በዝቅተኛው በኩል በጥቂቱ ያጥብቁ፣ አውርደው ነድተው ይለኩ። ሲጨርሱ አላይመንት ያሠሩ።

የዩ ቡሎኖች ከተፈቱ በአዲስ ይተኩ፣ በመስቀል አቅጣጫ ተራ በተራ ያጥብቁ። የጎሚኒ ቡሎኖችን ግን የመጨረሻ ማጥበቅ የሚሰጡት መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱን ሲሸከም ነው፤ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ቶሎ ይቀደዳል። ደርሶ መልስ ደባርቅን ያህል ከነዱ በኋላ ቡሎኖቹን እንደገና ያጥብቁና በጠመኔ ከጻፉት ቁጥር ጋር ያስተያዩ። በባሌስትራው መያዣ አካባቢ ሻንሲው ላይ ስንጥቅ ካዩ ግን ሥራውን እዚያው ያቁሙና መኪናውን ጭነት ሳይጭኑ ሻንሲ ወደሚያቀና ባለሙያ ይውሰዱ።