በጠባብ ጋጣ የፈረስ ልብስን ማድረቅ፣ ማናፈስና ማስቀመጥ

ፈረሰኛ ቤት ውስጥ ሦስት ዓይነት ልብስ አይጠፋም፦ ከኮርቻ ሥር የሚገባው ወፍራም የሱፍ ድርብ፣ ለጥምቀትና ለሠርግ የሚወጣው ግላስ፣ ፈረሱ አልቦት ሲገባ ብርድ እንዳይመታው ጣል የሚደረግበት አሮጌ ባና ወይም ብርድ ልብስ። ጋጣው ግን ብዙ ጊዜ 3 ሜትር በ3 ሜትር ቢሆን ነው። መኖው፣ ጉዝጓዙ፣ ኮርቻውና ልጓሙም እዚያው ስለሆኑ ልብሱ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ይጣላል። ለደብረ ብርሃን፣ ለጣርማ በርና ለመንዝ አየር ከዚህ የባሰ አቀማመጥ የለም። ክረምቱ አልፎ አየሩ ገለጥ አለ ሲባል በልግ ይመጣል፤ ወደ ገደሉ አፋፍ ጠጋ ባለው አገር ደግሞ ጉሙ በቶሎ አይነሳም።

ማድረቂያውና ማስቀመጫው ለየብቻ ይሁኑ። ጋጣ ውስጥ ማድረቅ ይቻላል፤ ለወራት ማስቀመጥ ግን ልብሱን መጣል ነው። የፈረሱ ትንፋሽ ሌሊቱን ወደ ጣራ ይወጣና ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ከጉዝጓዙ የሚነሳው ዓይን የሚያቃጥል ሽታም አሞኒያ ነው፤ ሱፍ ውስጥ ከገባ በቀላሉ አይለቅም።

ማድረቂያውን መሥራት

መሬቱ ስለማይበቃ ሥራው ሁሉ ግድግዳው ላይ ነው። በሩ አጠገብ፣ ነፋስ በሚያልፍበት በኩል፣ እንደ መስኮት የሚዘረጉና የሚታጠፉ ሦስት ክንዶች ትከሉ። ለአንዱ ክንድ 1 ሜትር አግዳሚ፣ 40 ሳ.ሜ. ቋሚ፣ ሁለቱን የሚያያይዝ ሰያፍ ድጋፍና 2 የመስኮት ማጠፊያ ይበቃል። ድጋፉ ከአግዳሚው በታች ይግባ፤ ልብሱ ግራና ቀኝ ሲወርድ መሃሉ ላይ ሆኖ ሁለቱ ጎኖች እንዳይጣበቁ ያደርጋል። ይቺን ሰያፍ እንጨት መተው ያጓጓል፤ ግን ውሃ የጠጣ ሱፍ ከባድ ስለሆነ ድጋፍ የሌለው ክንድ ሳይቆይ ማጠፊያውን ገንጥሎ ይወርዳል።

እንጨቱ ከ5 እስከ 6 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው፣ የተላጠና በደንብ የደረቀ ባሕር ዛፍ ይሁን። እርጥቡ ባሕር ዛፍ ቡናማ ውሃ ያወጣል፣ ግላስ ላይ ካረፈ እድፉ አይለቅም። ገመድ ወይም ሽቦ በክንድ ፈንታ አይሆንም፤ ልብሱ መሃሉ ላይ የእጥፋት መስመር ይይዝና ሁለቱ ጎኖች ተጣብቀው ነፋስ አያልፋቸውም።

ክንዶቹን ከመሬት 1.7 ሜትር፣ እርስ በርስ በ30 ሳ.ሜ. ርቀት አድርጓቸው። ሲታጠፉ በሚታጠፉበት በኩል መጨረሻ ያለው መጀመሪያ ይዘጋል፣ ሌሎቹ በእሱ ላይ ጋደል ብለው ያርፋሉ። የጭቃ ግድግዳ ብሎን አይዝም፤ ማጠፊያው ምሰሶው ላይ ይመታ። ቤቱ የድንጋይ ከሆነ ግማሽ ሜትር ወደ መሬት የገባ የራሱ ምሰሶ ቢተከል ይሻላል። ፈረሱ አንገቱን ዘርግቶ የማይደርስበት ቦታ ምረጡ፤ የላብ ጨው ስለሚጥመው ከደረሰበት ያኝከዋል። ከመኖ ገንዳው በላይም አትስቀሉ፤ ፀጉሩና አቧራው ምግቡ ላይ ይረግፋል።

ከጉዞ መልስ

ኮርቻው እንደወረደ ድርቡን አታጣጥፉት። የላበው ጎን ወደ ውጭ ሆኖ ክንዱ ላይ ይሰቀል፤ ከ2 ሰዓት በኋላ ይገልበጥ። ሲደርቅ ከጋጣው ውጭ በጠንካራ ብሩሽ ፀጉሩንና ነጭ ሆኖ የሚታየውን የላብ ጨው አራግፉ። ይህን ሥራ የሚንቅ ሰው ብዙ ነው። ጨው ግን ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ትናንት የደረቀ ድርብ በሐምሌ ጉም ዛሬ ጠዋት ረጥቦ የሚገኘው ለዚህ ነው። ጨው የያዘው ቦታ ደግሞ ይጠነክርና የፈረሱን ጀርባ እየፈገፈገ ገጣባ ያወጣል።

በክረምት የጠዋቷን ፀሐይ አታሳልፉ። ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ድረስ ልብሱን አውጡ፣ ደመናው ከመክበዱ በፊት መልሱ። የሱፍ ድርብንና ባናን ይህችን ያህል ፀሐይ አትጎዳቸውም፤ ባለ ቀለሙና ባለ ጥልፉ ግላስ ግን ጥላ ሥር ይናፈስ፣ አለዚያ ይደበዝዛል። ከእሳት ዳር ማድረቅ ይቅር፦ ላዩ ሲደርቅ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ጭሱም ይገባበታል።

ደርቋል?

እጅ ያታልላል። ሱፍ የክብደቱን ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ይዞ እንኳ ሲነካ ደረቅ ይመስላል። የልብሱን ወፍራም ጥግ ግልጽ ፌስታል ውስጥ ከትታችሁ አፉን እሰሩና 20 ደቂቃ ያህል ፀሐይ ላይ ተዉት። ፌስታሉ ውስጡ ላበት ካሳየ ልብሱ አልደረቀም፤ አንድ ቀን ይጨመርለት። በስፌቱና በጠርዙ በኩል መሞከሩን አትርሱ፣ መጨረሻ የሚደርቁት እነሱ ናቸው።

ማጠብ

ሁልጊዜ አይታጠብም፤ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ፣ በተለይ ዝናቡ አቁሞ ጥቅምት ላይ ሰማዩ ሲጠራ ማጠብ ይበቃል። ውሃው ለብ ያለ ይሁን። ሙቅ ውሃና ማሸት ሱፉን ያኮማትሩታል፤ ከዚያ ወዲያ አይዘረጋም። የዱቄት ሳሙና ለሱፍ ኃይለኛ ነው፤ እንዶድ ወይም ለስላሳ ሳሙና ይሻላል። አረፋው እስኪጠፋ ሦስት አራት ጊዜ አለቅልቁ፤ የቀረ ሳሙና ላብ ሲያገኘው ጀርባ ያሳክካል። አትጠምዝዙት፤ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በመርገጥ ውሃውን አስወጡና ስቀሉት።

ለወራት ሲቀመጥ

ቦታው መኖሪያ ቤት ወይም ደረቅ ጎተራ ነው። የጥጥ ከረጢት ወይም አሮጌ አንሶላ ይበጃል። ፕላስቲክ ውስጥ ታፍኖ የቆየ ሱፍ ይሻግታል፤ ማዳበሪያ ትንሽ ቢተነፍስም አይጥ በቀላሉ ይበሳዋል። ዘለበቱን ፍቱ፤ የማይፈታ ከሆነ በጨርቅ ጠቅልሉት፣ የዝገት እድፍ ከሱፍ አይወጣም። ግላሱ መስመር እስኪይዝ አይታጠፍ፦ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ እንጨት ላይ፣ ጥልፉ ወደ ውጭ ሆኖ ይጠቅለል።

ጥቅሉን መሬት ላይ ከማስቀመጥ ከወራጁ ማንጠልጠል ቦታም ይቆጥባል። ገመዱ መሃል ላይ 40 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ክብ ቆርቆሮ መሃሉን በስታችሁ አስገቡ፣ ከሥሩም እንዳይንሸራተት ቋጥሩ፤ በገመዱ የሚወርድ አይጥ እዚያ ላይ ይገታል። ከጣራው ቆርቆሮ ግማሽ ሜትር፣ ከድንጋይ ግድግዳ ቢያንስ 10 ሳ.ሜ. ይራቅ።

ብልን በተመለከተ፣ ሱፉን የምትበላው የምትበረው ትንሽ ቢራቢሮ ሳትሆን እጯ ነው። ጨለማና ላብ ያለበትን እጥፋት ትወዳለች፤ ስለዚህ ንጹሕ አድርጎ ማስቀመጥ ከማንኛውም መድኃኒት ይቀድማል። የደጋው የሌሊት ውርጭ እሷን ለመግደል አይበቃም። ናፍታሊን ከተጠቀማችሁ ልጆችና ፈረሱ በማይደርሱበት ቦታ ይሁን፤ ልብሱንም ለፈረሱ ከማልበሳችሁ በፊት ሁለት ቀን አናፍሱት።

አንዱን ድርብ ለሁለት ፈረስ ማልበስ አይመከርም፤ ጭርት ያለበት ፈረስ የለበሰው ልብስ በሽታውን ለወራት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ጠርዙ ላይ የተለያየ ቀለም ክር ብትሰፉበት አይምታታም። የተንጠለጠለውን ጥቅል በወር አንድ ጊዜ አውርዳችሁ ፍቱት፣ በብርሃን አይታችሁ አራግፉት፣ ስትመልሱትም አጠቃለሉን ቀይሩት።