የተከፈተ ሊሌ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥ

ሊሌ ቦርዶ አቅራቢያ፣ ፖዳንሳክ ውስጥ የሚሠራ፣ ከምግብ በፊት የሚጠጣ የፈረንሳይ ወይን ነው። አልኮሉ 17 በመቶ ስለሆነ ብዙ ሰው ከከፈተው በኋላ እንደ ውስኪ መደርደሪያ ላይ ያቆመዋል። ጣዕሙ እዚያው ይሞታል፤ ለነገሩ ወይን እኮ ነው!

ጠርሙሱ ሲጋመስ ቀሪውን ትንሽ ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ እስከ አፉ ሙሉና ፍሪጅ አስገቡት። የሚያበላሸው አየር ነው። ጠርሙሱ ጢም ካለ አየር ቦታ አያገኝም፤ ቅዝቃዜው ደግሞ መበላሸቱን ያዘገየዋል።

ስታቀርቡት በበረዶ ፋንታ ፍሪዘር ውስጥ የጠነከረ ስስ የብርቱካን ቁራጭ ጣል አድርጉበት። በረዶ ሲሟሟ ያቀጥነዋል። የምታቀርቡት ብዙ ዓመት በበርሜል የቆየ ፒኖ ደ ሻራንት (ከወይን ጭማቂና ከኮኛክ የሚሠራ ሌላ የፈረንሳይ መጠጥ) ከሆነ ግን ብርቱካኑን ተዉት፣ ጣዕሙን ይሸፍንበታል። ቀዝቀዝ ብሎ ብቻውን ይቅረብ።