ጭቃ ላይ የምትሠራ ትንሽ ሎደር፦ ጎማ ወይስ ሰንሰለት?

ጅማ ክረምት ሲገባ ቀዩ አፈር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ጫማ ያስወልቃል። በዚህ ወቅት ትንሽ ሎደር ልትከራዩ ካሰባችሁ ባለ ላስቲክ ሰንሰለቷን ጠይቁ። ክብደቷ ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ባለ ጎማዋ የምትሰምጥበትን ታልፋለች። በረዶ ባለበት አገርም ለስላሳው በረዶ ላይ የሚመርጧት ለዚሁ ነው፤ እኛን የቸገረን ግን ጭቃው ነው።

አስፋልትና ሹል ድንጋይ ላይ ባለችበት አታዙሯት። ላስቲኩ ቶሎ ይበላል፣ ቅያሪውም ኪስ ያራግፋል። ሥራው ጠጠር መንገድ ላይ መመላለስ ከሆነማ ባለ ጎማዋ ትሻላለች።

ደግሞ ማታ ሥራ ሲያበቃ ሞተሩን አጥፉና ሰንሰለቱ በሚዞርባቸው ሮለሮች (ትንንሽ የብረት መንኮራኩሮች) መሃል የተጠቀጠቀውን ጭቃ በአካፋ አስወጡ። አድሮ ከደረቀ ሸክላ ነው፤ ጠዋት ኦፕሬተሩን ያስለቅሰዋል።