ያልተነገረ አይመዘገብም፦ አሜሪካ ውስጥ የአካል ጉዳት ወይም ውስብስብ ሕመም ያለበትን ልጅ ማሳከም

በአሜሪካ የሕፃናት ሐኪም ፊት ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች ሁሉ ለእኛ ሰው ከባዱ «ልጅዎ እንዴት ነው?» የሚለው ነው። በመጀመሪያው ቀጠሯችን ሐኪሟ ይህንኑ ስትጠይቀኝ እንደለመድኩት «ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ መለስኩ፤ በስልክ የቀረበው አስተርጓሚም ቃሌን ሳይጨምር ሳይቀንስ አስተላለፈ። በዚያው ሳምንት ልጄን ሌሊት አራት ጊዜ አንቀጥቅጧታል፣ ፈሳሽ በጠጣች ቁጥር ትን ይላት ነበር፣ አንገቷንም ያለ ድጋፍ ቀና ማድረግ አትችልም ነበር። ሐኪሟ ግን የጻፈችው የሰማችውን ነው። ከወራት በኋላ ነርስ ቤታችን እየመጣች እንድትከታተላት ስናመለክት የመድን ድርጅቱ ጥያቄያችንን አልተቀበለም፤ ምክንያት አድርጎ የጠቀሰውም «ወላጅ ምንም ስጋት አልገለጹም» የምትለውን መስመር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለአዲስ ገቢ ወላጆች ደጋግሜ የምነግረው ይህን ነው፦ በዚህ አገር የሕክምና አሠራር ያልተነገረ ችግር አይመዘገብም፣ ያልተመዘገበ ችግር ደግሞ ክፍያ አይፈቀድለትም። የልጅን መጥፎ ቀን ሳያሳንሱ መናገር ምስጋና ቢስነት አይደለም፤ የልጅን ገመና ማውጣትም አይደለም። «አንዳንዴ ያንቀጠቅጠዋል» ከማለት ይልቅ «ባለፈው ሳምንት አምስት ጊዜ አንቀጥቅጦታል፣ እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ያህል ይቆያል፣ የሚጀምረውም ከግራ እጁ ነው» ብለው ይናገሩ። ሁኔታው ሲከሰት በስልክ የቀረጹት አጭር ቪዲዮ ካለ ያሳዩ፤ የነርቭ ሐኪሞች ከብዙ ገለጻ ይልቅ ከእንዲህ ዓይነቱ ምስል ብዙ ያነባሉ። ልጅዎን ጸበል የሚወስዱት ወይም የባህል መድኃኒት የሚሰጡት ከሆነም ሳይሸማቀቁ ይንገሩ፤ ሐኪሙ ይህን የሚፈልገው መድኃኒቶቹ እንዳይጋጩና እንዳይቋረጡ ለማድረግ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሁሉ የሚያስፈራው የመድኃኒት ማለቅ ነው። ፊኖባርቢታልን የመሳሰሉ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች በድንገት ሲቋረጡ ረጅምና አደገኛ መንቀጥቀጥ ሊያስከትሉ ስለሚችሉ፣ ለቀጠሮ ሲደውሉ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርዎ «የልጄ መድኃኒት በዚህ ቀን ያልቃል» የሚል ይሁን። መድን ገና ያላገኘ ቤተሰብ በፌዴራል መንግሥት ድጋፍ ወደሚሠሩት የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች ቢሄድ እንደ ገቢው መጠን ከፍሎ ይታከማል። መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ግን ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም፤ 911 ይደውሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ሕግ ድንገተኛ ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች፣ የመድን ካርድም ሆነ የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖር ባይኖር፣ የመጣውን ሕመምተኛ መርምረው ከአስጊ ሁኔታ እንዲያወጡት ያስገድዳል።

የመድኃኒቱን ጠርሙስና ካርቶን አይጣሉ፤ የንግድ ስሙ እዚህ ባይታወቅም በካርቶኑ ላይ ያለው ሳይንሳዊ ስም ፋርማሲስቱን ያግባባል። በዚህ ረገድ ፓራሲታሞል እዚህ አሲታሚኖፌን ወይም ታይሌኖል እንደሚባል ማወቅ ይጠቅማል፤ ሁለቱን የተለያዩ መድኃኒቶች መስለዋቸው ለአንድ ልጅ ደርበው የሚሰጡ ወላጆች ጉበቱን ሊጎዱት ይችላሉ። ፈሳሽ መድኃኒት በቤት ማንኪያ ሳይሆን ፋርማሲው በሚሰጠው ሚሊ ሊትር የተጻፈበት መለኪያ ሲሪንጅ ይሰጥ።

ስለ ዘመን አቆጣጠር ብዙ መመሪያዎች የማያነሡት፣ ለእኛ ግን ወሳኝ የሆነ ጉዳይ አለ። በጥቅምት 2013 የተወለደ ልጅ ፓስፖርቱ ላይ በ2020 እንደተወለደ ይጻፋል፤ የክትባት ካርዱ በእኛ አቆጣጠር ተሞልቶ ከሆነ ነርሷ የምታየው ከመወለዱ ሰባት ዓመት ቀድሞ የተከተበ ልጅ ነው። በዚህ ምክንያት ካርዱ ተቀባይነት ሊያጣና ልጁ ክትባቱን እንደ አዲስ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምና የተደረገበትን፣ ሻንት (በጭንቅላት ውስጥ ያለ ፈሳሽ ማፍሰሻ ቱቦ) የገባበትን፣ መጀመሪያ ያንቀጠቀጠውን ቀን ሁሉ አስቀድመው ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ለውጠው በአንድ ገጽ ይጻፉ። የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ በመድኃኒቱ ላይ 8 ኤኤም የሚለው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት መሆኑን በቤት ውስጥ መድኃኒት የሚሰጥ ሰው ሁሉ፣ አያትም ብትሆን፣ በእርግጠኝነት ማወቅ አለባት።

አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው። ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና ከ2010ሩ የጤና ሕግ በመነጨው ግዴታ መሠረት የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ ብቃት ያለው አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ ከአስቸኳይ ሁኔታ በቀር የቤተሰቡን ታላቅ ልጅ አስተርጓሚ ማድረግም አይፈቀድም። የአሥራ ሁለት ዓመት እህት የወንድሟን የምርመራ ውጤት ለእናቷ እንድትነግር መደረጉ ለማንም አይበጅም። ቀጠሮ ሲይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብለው ያስመዝግቡ፤ ቤት ውስጥ ይበልጥ የሚግባቡት በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ከሆነ በዚያ ይጠይቁ።

አስተርጓሚ መኖሩ ብቻውን ግን አይበቃም። የእድገት መዘግየት፣ ኦቲዝምና የአእምሮ እድገት ውስንነት በሐኪሞቹ ዘንድ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ሳለ፣ በእኛ ቋንቋ ሦስቱም «ዘገምተኛ» በሚል አንድ ቃል ሲተረጎሙ ሰምቻለሁ። ቃሉ የወላጅን አንጀት ይቆርጣል፤ ከዚያም አልፎ ያሳስታል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ምርመራ የሚያስገኘው አገልግሎት የተለየ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ የምርመራውን ስም በራሱ ቋንቋ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ፤ ከዚያም «ይህ ማለት ልጄ ምን ማድረግ ይችላል፣ ምን ያቅተዋል?» ብለው ያብራሩልዎ ዘንድ ይለምኑ።

ወደ ክፍያው ስንመጣ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ልጆች ዋናው መድን እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው ሜዲኬይድ ሲሆን፣ ገቢያቸው ከዚያ ትንሽ ከፍ ላለ ደግሞ በ1997 የተጨመረው ቺፕ የተባለ የልጆች መድን አለ። በሜዲኬይድ ውስጥ ኢ.ፒ.ኤስ.ዲ.ቲ. የሚባል፣ ብዙ ወላጅ ስሙን እንኳ ያልሰማው ድንጋጌ አለ። ይህ ድንጋጌ ዕድሜው ከ21 በታች ለሆነ ተጠቃሚ ልጅ ለሕክምናው አስፈላጊ የሆነውን አገልግሎት፣ ግዛቱ ለአዋቂዎች የማይሸፍነው ቢሆንም፣ እንዲሸፈን ያዝዛል። የንግግርና የአካል ቴራፒ፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ በልክ የተሠራ ዊልቸር፣ የቤት ውስጥ ነርስ ሁሉም በዚህ ሥር ሊጠየቁ ይችላሉ። ወደ ሕክምና ለመሄድ መኪና ከሌለዎም ሜዲኬይድ መጓጓዣ ያመቻቻል።

በዲቪም ሆነ በቤተሰብ ግሪን ካርድ ይዘው የገቡ አዋቂዎች በአብዛኛው ሜዲኬይድ ለማግኘት አምስት ዓመት መጠበቅ አለባቸው፤ ይህን የሰሙ ወላጆች ለልጃቸውም ሳያመለክቱ ይቀራሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ግዛቶች በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩ ልጆችን ያለ አምስት ዓመት ጥበቃ እንዲሸፍኑ ተፈቅዶላቸዋል፤ አብዛኞቹም ይህን አድርገዋል። በስደተኝነትና በጥገኝነት የገቡ ቤተሰቦች ደግሞ በ2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ የእነርሱን የሜዲኬይድ መብት ስለሚያጠብብ፣ በነፃ የሚያማክር የሕግ ድርጅት ጊዜ ሳይሰጡ ማነጋገር ይገባቸዋል።

ወላጆች ሥራ ይዘው ገቢያቸው ከፍ ሲል ልጁ ሜዲኬይድን የሚያጣ መስሏቸው ብዙዎች ይጨነቃሉ፤ አንዳንዶችም ሥራ እስከ መተው ይደርሳሉ። ለዚህ ጭንቀት መውጫ የከፈተው የአንዲት ልጅ ታሪክ ነው፦ በአዮዋ ግዛት የተወለደችው ኬቲ ቤኬት በሕፃንነቷ በአንጎል ኢንፌክሽን ታማ በመተንፈሻ መሣሪያ እየተረዳች ለዓመታት ሆስፒታል ተኝታለች፤ ወደ ቤት ብትሄድ ወጪው የሚቀንስ ቢሆንም የጊዜው ደንብ የሚከፍለው ሆስፒታል ከቆየች ብቻ ነበር። ጉዳዩ በ1981 እስከ ፕሬዚዳንት ሬገን ደርሶ ልጅቱ ቤቷ ገባች፤ በተከታዩ ዓመት በወጣው ሕግም ግዛቶች ሆስፒታል የሚያስተኛ ያህል እንክብካቤ የሚፈልግን ልጅ የወላጁን ገቢ ሳይቆጥሩ በሜዲኬይድ እንዲሸፍኑ በር ተከፈተ። አካሄዱ ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ በአንዳንዶቹም ረጅም የተጠባባቂዎች ዝርዝር ስላለ ስም ማስመዝገቡ ለነገ አይባልም። በሆስፒታሉ ያለውን ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ) «የኬቲ ቤኬት ፕሮግራም ወይም ተመሳሳዩ በዚህ ግዛት አለ?» ብለው ይጠይቁ።

ልጁ ሦስት ዓመት ካልሞላው የቅድመ ጣልቃ ገብነት አገልግሎት (እድገታቸው ለዘገየ ሕፃናት የሚሰጥ ድጋፍ) ለመጠየቅ የሐኪም ደብዳቤ አያስፈልግም፤ ወላጅ ራሱ መደወል ይችላል። ምርመራው በነፃ ነው፤ ጥያቄው ከደረሰ በ45 ቀን ውስጥ ተመርምሮ፣ ብቁ ከሆነም የመጀመሪያው የዕቅድ ስብሰባ መካሄድ አለበት። ባለሙያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ድረስ ይመጣሉ። ቤት አልተስተካከለም፣ እንግዳ የሚቀበሉበት ወንበር የለም ብለው ቀጠሮ የሚሰርዙ እናቶች አውቃለሁ፤ ቴራፒስቷ የምትፈልገው ልጁ የሚንከባለልበትን ምንጣፍ ብቻ ነው።

ልጁ ሦስት ዓመት ሲሞላው ኃላፊነቱ ወደ ትምህርት ቤት ይዛወራል። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው፣ የአካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች የመማር መብት የሚያስከብረው ሕግ ነው። ምርመራ እንዲደረግለት በጽሑፍ ይጠይቁ፣ የደብዳቤውን ቅጂ ከቀኑ ጋር ያስቀምጡ። በስብሰባው ላይ አይ.ኢ.ፒ. የሚባለው የልጁ የግል የትምህርት ዕቅድ ሲዘጋጅ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ የትምህርት ቤቱ ነው፤ ያልገባዎትን ሰነድ እዚያው እንዲፈርሙ የሚያስገድድዎ ሕግም የለም። በቱቦ የሚመገብ ወይም በቀን መሐል መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ከሆነ የትምህርት ቤቷ ነርስ ከስብሰባው እንዳትቀር ያሳስቡ።

አገልግሎት ሲከለከል ምክንያቱን በጽሑፍ የማግኘትና ይግባኝ የማለት መብት አለዎት። ደብዳቤው የሚመጣው በእንግሊዝኛ፣ ብዙ ጊዜም ማስታወቂያ በሚመስል ፖስታ ስለሆነ ከሜዲኬይድ የመጣ ፖስታ ሳይከፈት አይደር። በተለይ ልጁ ሲያገኝ የቆየው አገልግሎት እንዲቀነስ ተወስኖ ከሆነ፣ በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ያለ ወላጅ ጉዳዩ እስኪወሰን አገልግሎቱ ሳይቋረጥ እንዲቆይለት መጠየቅ ይችላል። ከመወሰንዎ በፊት ግን ይግባኙ ባይሳካ ወጪውን የሚመለከት ጥያቄ ሊነሣ ስለሚችል ስለዚሁ ይጠይቁ። በየግዛቱ የአካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ወላጆች በነፃ የሚያግዝ የወላጆች ሥልጠናና መረጃ ማዕከል አለ፤ 211 ደውለው ቢጠይቁ ያገናኙዎታል።

እኛም ይግባኝ አልን። ሐኪሟ ጋር ተመልሰን፣ አስተርጓሚ ይዘን፣ ለሦስት ሳምንት በደብተር የያዝነውን መዝገብ ገጽ በገጽ አነበብንላት፦ ስንት ጊዜ አንቀጠቀጣት፣ ስንት ጊዜ ትን አላት፣ ማን ስንት ሰዓት ሳይተኛ አደረ። እየሰማች ጻፈች፤ ስትጨርስም «ይህን ሁሉ ለምን አልነገራችሁኝም?» አለችን። በደብዳቤዋ ላይ የደብተሩን ቅጂ አያይዛ ላከች፤ በሳምንት ለአምስት ሌሊት ነርስ ተፈቀደልን።