ዋልነት በጓሮ፦ ከችግኝ ምርጫ እስከ ማድረቅ

ዓረብ አገር የኖረ ሰው «ጆዝ»፣ እስራኤል ያለ ደግሞ «ኤጎዝ» ብሎ ያውቀዋል። አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ውስጥ ስሙ ዋልነት ነው። ፍሬውን የበላ ብዙ ነው፤ ዛፉን ተክሎ ያሳደገ ወገን ግን ብዙ አላጋጠመኝም። እኔ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሳክራሜንቶ ወጣ ብሎ ባለው ቤቴ ጓሮ አንድ አለኝ። ይህን የምጽፈው የብርዱ ወራት በደንብ በሚበርድበት አገር ለሚኖርና ሰፋ ያለ ጓሮ ላለው ሰው ነው።

የዛፉ አገር ከኢራን እስከ መካከለኛው እስያ ያለው ተራራማ ምድር ነው። ኪርጊዝስታን ውስጥ አርስላንቦብ በተባለው ስፍራ ዛሬም ደን ሆኖ ቆሟል። ካሊፎርኒያ ያደረሱት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የፍራንሲስካን መነኮሳት ናቸው። ጆሴፍ ሴክስተን እ.ኤ.አ. በ1867 ሳንታ ባርባራ አጠገብ ጎሊታ ላይ ለገበያ ተከለው፤ አሁን አሜሪካ ከምታመርተው ዋልነት 99 በመቶ ያህሉ ከካሊፎርኒያ ይወጣል።

ከመግዛትዎ በፊት ብርዱን ይመርምሩ። ቻንድለር የሚባለው ዝርያ በዓመት 700 ሰዓት ያህል ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መቆየት አለበት፤ ካልበረደው በወጉ አያብብም። አገር ቤት ደጋ ላይ እንትከለው ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ዘመዶች አሉ። የደጋችን ብርድ ሌሊት መጥቶ ረፋድ ላይ ፀሐይ ያባርረዋል፤ ይህ ዛፍ የሚፈልገው ለሳምንታት የሚዘልቅ ብርድ ነው። ለደጋ ከሆነ ጨንቻ ላይ የተፈተነውን አፕል ቢተክሉ እመርጣለሁ።

ቀጥሎ ዝርያ ይምረጡ። ፍሬውን አፈር ውስጥ ቀብሮ ማብቀል ይቻላል፤ ግን ለማፍራት 8 ወይም 10 ዓመት ይፈጃል፣ ምን ዓይነት ፍሬ እንደሚሰጥም አይታወቅም። ግራፍት የተደረገ፣ ማለትም የተመረጠ ዝርያ ቅርንጫፍ በሌላ ሥር ላይ የተጣበቀበት ችግኝ ከ4 እስከ 6 ዓመት ውስጥ ያፈራል። የዴቪሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ቻንድለር ቅጠሉን ዘግይቶ ስለሚያወጣ ከውርጭና ከፀደይ ዝናብ በሽታ ያመልጣል። የአንዱ ዛፍ ወንዴና ሴቴ አበባ በአንድ ጊዜ ስለማይከፈት ግን ጎረቤት ሌላ ዋልነት ቢኖር ጥሩ ነው፤ ካልሆነ ፍራንኬት የሚባለውን አብረው ይትከሉ። የአበባውን ብናኝ የሚያደርሰው ነፋስ ነው።

ቦታ ላይ አይቸኩሉ። ከቤቱና ከአጥሩ ቢያንስ 8 ሜትር ይራቅ፤ አፈሩ ጥልቅና ውሃ የማይቋጥር ይሁን። ቲማቲም፣ ድንችና ቃሪያ አጠገቡ አይትከሉ። ከሥሩ ጁግሎን የሚባል ንጥረ ነገር ይወጣል፤ ቲማቲም ደህና ቆሞ ሳለ በድንገት ያጠወልገዋል። ይህ ንጥረ ነገር ጥቁር ዋልነት በሚባለው የዚህ ዛፍ ዘመድ ይበረታል፤ ብዙዎቹ ችግኞች ደግሞ የተጣበቁት በእሱ ወይም በድቅሉ ሥር ላይ ነው።

የመትከያው ጊዜ ዛፉ ቅጠል ሳያወጣ፣ እዚህ ጥርና የካቲት ነው። ሥሩ ሲተከል ሳይታጠፍ የሚዘረጋበት ሰፊ ጉድጓድ ይቆፍሩ። የተጣበቀበት ቦታ ከአፈሩ በላይ ይቅር። ጉድጓዱ ውስጥ ፍግ አይጨምሩ፣ ሥሩን ያቃጥላል። ቀጥሎ ያለውን ለማድረግ ሆድ አይችልም፤ ግን ያድርጉት፦ ግንዱን ከተጣበቀበት በላይ 4 ወይም 5 እምቡጥ ብቻ አስቀርተው ይቁረጡት። ችግኙ ሲነቀል አብዛኛው ሥሩ መሬት ውስጥ ስለቀረ፣ የተረፈው ረጅም ግንድ መቀለብ አይችልም። የቀረውን ግንድ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው ነጭ የግድግዳ ቀለም በእኩል ውሃ አቅጥነው ይቀቡት።

የመጀመሪያ ዛፌን የገደልኩት ውሃ በማብዛት ነው። ሳሩ መሃል ተክዬው የሳሩ መርጫ በየቀኑ ግንዱን ያርሰው ነበር። በሁለተኛው ዓመት ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ አፈሩን ገለጥ ሳደርግ የግንዱ ግርጌ ጠቁሮ በጥፍሬ ሲነካ ይላጣል። ለሁለተኛው ውሃ የማጠጣው ከግንዱ ራቅ አድርጌ፣ በጥልቀት፣ አፈሩ ከላይ ሲደርቅ ብቻ ነው።

ፍሬው የሚደርሰው በመስከረምና በጥቅምት ነው። አረንጓዴው ልጣጭ መሰንጠቅ ሲጀምር አንዱን ሰብረው ይዩ፤ በሁለቱ ክፋይ መካከል ያለው ስስ ሽፋን ቡናማ ከሆነ ደርሷል። በዘንግ ያራግፉና በዚያው ቀን ይልቀሙ፣ መሬት ላይ በሙቀት ከቆየ ፍሬው ይጠቁራል። ጓንት አይርሱ። አንድ ዓመት ያለ ጓንት ልጬ እጄ ለሳምንታት እንሶስላ የሞቀ መስሎ ነበር፣ ያውም ጥቁር እንሶስላ። በዚህ ልጣጭ ሱፍና ጥጥ ይነከራል፤ እንጨቱም ለቤት ዕቃና ለጠመንጃ ሰደፍ ይፈለጋል።

ልጣጩን አውልቀው ካጠቡ በኋላ፣ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ወንፊት ላይ ሳይደራረብ ይዘርጉት። በምድጃ ከሆነ ከ43 ዲግሪ አይለፍ። መካከሉ ያለው ሽፋን ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከተለመጠ ገና ነው። ብዙ ዘይት ስላለው የተፈለፈለው ውጭ ከተቀመጠ የቆየ ዘይት ይሸታል፤ ፍሪዘር ውስጥ ግን ዓመት ይቆያል።

ኢራናውያን ፈጭተው ከሮማን ጋር ፌሴንጃን የሚባል ወጥ ይሠሩበታል። እኔ ቤት በጾም የሱፍ ፍትፍትን ቦታ ይዟል። ሌሊቱን ዘፍዝፌ ምሬቱን የያዘውን ውሃ እደፋለሁ፤ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከቃሪያ ጋር እፈጨዋለሁ፤ በቀዝቃዛ ውሃ አቅጥኜ በወንፊት አጥልዬ እንጀራ እፈተፍትበታለሁ። ከሱፉ ወፈር ይላል፣ ስለዚህ ውሃውን በዛ ያድርጉት።