በጓሮ ወፎችን ስንመግብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ቀን መመገቢያዬ ጠርዝ ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ አገኘሁ። ላባዋን ነፍታ ድብልብል ብላ ተቀምጣለች። ስጠጋ ሌሎቹ ብር ብለው ሄዱ፤ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። እጄን ብዘረጋ እነካት ነበር። ፎቶ አንስቼ «ለመደችኝ እኮ!» ብዬ ለጓደኞቼ ላክሁ። በማግስቱ ጠዋት እዚያው ሥር ሞታ አገኘኋት። ለካ ታማ ኖሯል።

ወፎችን ዓመቱን ሙሉ ከመገብኩ በኋላ የገባኝ፣ ጓሮ ውስጥ የሚደርስባቸው ጉዳት አብዛኛው በሚወዷቸው ሰዎች እጅ መሆኑ ነው። የእኔንም ጨምሬ ስህተቶቹን ልንገራችሁ።

መመገቢያውን አለማጠብ

ከሁሉ የከፋው ይሄ ስለሆነ ነው ያስቀደምኩት። ጥሬ ባለቀ ቁጥር ከላይ መጨመር ቀላል ነው፤ ከሥር ያለውን ማን ያያል? እኔ ያን ቀን ገልብጬ ሳየው ከታች ያለው ጥሬ ረጥቦ፣ ከገለባና ከኩስ ጋር ተጋግሮ፣ አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሏል።

ወፎች በዱር ሲለቅሙ ተበታትነው ነው። እኛ ግን ሠላሳውን አንድ ሳህን ላይ እንሰበስባቸዋለን። አንዷ ሳልሞኔላ ካለባት በኩሷ ለሁሉም ታድላለች። ትሪኮሞናስ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ደግሞ በምራቅ ይተላለፋል። የታመመችው ወፍ ጉሮሮዋ ስለሚያብጥ መዋጥ ያቅታታል፤ ጥሬውን አንስታ መልሳ ትጥለዋለች፤ ያንኑ ጥሬ ሌላዋ ትለቅመዋለች። ብሪታንያ ውስጥ ከ2005 ጀምሮ ግሪንፊንች የተባለችው ወፍ ቁጥሯ ክፉኛ ያሽቆለቆለው በዚሁ በሽታ ነው።

በየ2 ሳምንቱ እጠቡ። ሙቀትና ዝናብ ሲሆን በየሳምንቱ። መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ፈግፍጉት፣ ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ 10 ደቂቃ ዘፍዝፉት። በደንብ ካለቀለቃችሁት በኋላ ጠብ እስከማይል ይድረቅ። ጓንት አትርሱ፤ ብሩሹም ከወጥ ቤት ዕቃ ማጠቢያው የተለየ ይሁን። የታመመች ወፍ ካያችሁ ቢያንስ ለ2 ሳምንት መመገብ አቁሙ። ጭካኔ ነው አትበሉ፤ እንዲበታተኑ ያደርጋቸዋል።

የተረፈንን ሁሉ መበተን

ዳቦ ሆድ ይሞላል እንጂ ብዙም አይገነባም። የሻገተው ደግሞ ሳንባቸውን ያሳምማል። ጨው ያለበት ነገር አይስማማቸውም። ወተትም አይሆንም፤ የወተትን ስኳር የሚፈጭ ኢንዛይም የላቸውም። ቸኮሌትና አቮካዶ መርዛቸው ነው። በአንጻሩ «ጥሬ ሩዝ የበላች ወፍ ሆዷ ይፈነዳል» የሚባለው ተረት ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት መንቁራቸውን እዩ። አጭርና ወፍራም ከሆነ ጥሬ ፈላጭ ናት፤ የሱፍ አበባ ፍሬ፣ ማሽላ ወይም የተፈረከሰ በቆሎ ስጧት። ቀጭን ከሆነ ነፍሳት ለቃሚ ናት። ረጅምና ጎበጥ ያለ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የአበባ ወለላ መጣጭ ናት። ለእሷ 1 እጅ ነጭ ስኳር በ4 እጅ ውሃ ይበቃል። ማር ተፈጥሯዊ ስለሆነ ይሻላል ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፤ ግን በውሃ የተበጠበጠ ማር ቶሎ ይቦካል፣ ይሻግታል። ውሃው ላይ ቀይ ቀለም መጨመርም አያስፈልግም።

ወቅቱን አለመከተል

በብርድ ጊዜ ትንሽ ወፍ ቀኑን ሙሉ ያጠራቀመችውን ስብ በአንድ ሌሊት ታነደዋለች። ስለዚህ ጠዋት በማለዳና ከመምሸቱ በፊት ማግኘቷ ትልቅ ነገር ነው። ሞራና ቅባት ያለው ፍሬ የሚጠቅመው ያኔ ነው። ሙቀት ሲመጣ ያው ሞራ ይቀልጥና ላባዋን ያጨማልቃል።

የመራቢያ ወቅት ሌላ ዓለም ነው። ጥሬ የሚበሉት ወፎች እንኳ፣ አብዛኞቹ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በነፍሳት ነው። ቺካዲ የምትባል የሰሜን አሜሪካ ወፍ አለች። ክብደቷ 11 ግራም ገደማ ነው። ከባሏ ጋር ሆና አንድ ጎጆ ጫጩት ለማሳደግ ከ6,000 እስከ 9,000 አባጨጓሬ ትለቅማለች። እኛ ደግሞ በአንድ እጃችን ጥሬ እየበተንን በሌላው ጽጌረዳው ላይ ፀረ ተባይ እንረጫለን! መርጫውን አስቀምጡት። ለውዝ የምትሰጡ ከሆነም ፈርክሱት፤ ሙሉውን ብትሰጡ ጫጩት ትታነቅበታለች።

በድርቅ ጊዜ ከጥሬ ይልቅ ውሃ ነው የሚጠራቸው። ጥልቀቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ጠርዙም አያንሸራትት። ጥልቅ ዕቃ ብቻ ካላችሁ ድንጋይ አስገቡበት። ውሃው በውርጭ በረዶ ሲሆን ጨው እንዳትጨምሩ፤ ሙቅ ውሃ ማፍሰስ በቂ ነው። በዝናብ ወቅት ደግሞ በአንድ ቀን የሚያልቀውን ብቻ አውጡ።

«ካበላኋቸው ወደ ሌላ አገር መሰደዳቸውን ይተዋሉ» ብሎ የሚፈራም አለ። ብዙዎቹን ለጉዞ የሚያነሳሳቸው የቀኑ ርዝመት መለወጥ ስለሆነ ጥሬያችሁ አያስቀራቸውም።

መስታወትና ድመት

ወፍ የመስኮት መስታወት ላይ ተንጸባርቆ ያየችው ዛፍ እውነተኛ ይመስላታል። አሜሪካ ውስጥ ብቻ በዓመት ከ365 እስከ 988 ሚሊዮን ወፎች ከሕንፃ ጋር ተላትመው እንደሚሞቱ በ2014 የወጣ ጥናት ገምቷል። መመገቢያው ከመስኮቱ ከ1 ሜትር ባነሰ ርቀት ይሁን፤ ያኔ ደንግጣ ብትነሳ እንኳ ፍጥነት ሳትይዝ ነው የምትነካው። ካልሆነ ከ10 ሜትር በላይ አርቁት። አንድ የጭልፊት ሥዕል መለጠፍ አይረባም፣ ሞክሬዋለሁ። በውጭ በኩል በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ነጠብጣብ አድርጉ።

ድመት ካለች ደግሞ መመገቢያውን ከምትደበቅበት ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ 2 ወይም 3 ሜትር አርቁት።

ጫጩት «ማዳን»

ላባ ያወጣች፣ ጭራዋ አጭር፣ መሬት ላይ እንጣጥ እንጣጥ የምትል ጫጩት መብረር እየተለማመደች ነው። እናትና አባቷ አጠገቧ ናቸው፤ የማይመጡት እናንተ ስለቆማችሁ ነው። ዞር በሉላቸው። ላባ ያላበቀለች ከሆነች ግን ጎጆዋን ፈልጋችሁ መልሷት። የሰው እጅ ስለሸተተች እናቷ አትተዋትም።

እያሳደዱ ማየት

ወፍ የሚታየው ቁጭ ብሎ ነው። ጠዋት ፀሐይ እንደወጣች፣ ስልክ ኪስ ውስጥ፣ 20 ደቂቃ። ባይኖኩላር ከፈለጋችሁ 8 በ42 የሚለው (8 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ) ለጀማሪ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያጎላው እጅ ሲንቀጠቀጥ ያስቸግራል። ሜርሊን የተባለው አፕ ድምፅ ሰምቶ ስም ይነግራችኋል፤ ደስ ይላል፣ ግን አንዳንዴ ይሳሳታልና ወፏን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ጥሪዋን ከስልክ አጫውቶ ማምጣት ግን ይቅር። በመራቢያ ወቅት ተቀናቃኝ የመጣባት እየመሰላት ጎጆዋን ጥላ ትወጣለች።

ሲጠፉ መደናገጥ

ከመራቢያ ወቅት በኋላ ጓሮው ጭር የሚልበት ጊዜ ይመጣል። መጀመሪያ ሲያጋጥመኝ ሰው መርዝ አበላቸው ብዬ ጎረቤቶቼን ጠርጥሬ ነበር፤ እስካሁን ያሳፍረኛል። ወፎቹ ለካ ላባ እየቀየሩ ኖሯል። ያኔ እንደልብ መብረር ስለሚከብዳቸው አይዘምሩም፣ ይደበቃሉ። ዱሩም በፍሬና በነፍሳት የሞላበት ጊዜ ስለሆነ የእኛን ጥሬ አይናፍቁም። ቁጥቋጦው ሥር በርከክ ብዬ ሳይ፣ ቅጠሉ መሃል አምስት ስድስት ትንንሽ ላባዎች ወድቀው አገኘሁ። ከላይ ደግሞ የሆነ ነገር ኮሽ አለ።